ገመድ አልባ ኪቦርድ ሠርቼ አማርኛ ማስጻፍ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

ሶልደሩ (ብየዳው) አልቋል። ከዚህ በኋላ ያለው የፈርምዌር፣ ማለትም ኪቦርዱ ውስጥ የሚቀመጠው ፕሮግራም ጉዳይ ነው።

ዕቃው ኮርን የሚባለው ለሁለት የተከፈለ ኪቦርድ ነው፤ 42 ቁልፍ፣ በየእጁ 21። በግራም በቀኝም አንድ አንድ ናይስ ናኖ ቦርድ ተቀምጧል። ቺፑ ኤንአርኤፍ52840 ነው፣ ብሉቱዙም እዚያው ውስጡ አለ። ባትሪዎቹ 110 ሚሊአምፔር ሰዓት ናቸው። ከውጭ በመጣ ሰው ሻንጣ ነው የገቡት፣ ሊትየም ባትሪን ለብቻው በፖስታ ማስመጣት ራስ ምታት ስለሆነ። ከሁለቱ ቦርዶች አንዱ አዲስ ነው። ሌላው አንድ ጓደኛዬ የድሮ ኪቦርዱን ሲያፈርስ የተረፈው ነው። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትመጣለች።

ፈርምዌሩ ዜድኤምኬ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ኪውኤምኬን ነው፣ ለባለ ገመድ ኪቦርድ እሱን የሚያህል የለም። ችግሩ ፈቃዱ ላይ ነው። ኪውኤምኬ የወጣው በጂፒኤል (አብሮት የሚቀላቀለው ኮድም ክፍት እንዲሆን በሚያስገድድ ፈቃድ) ስለሆነ፣ ቺፕ አምራቾች ኮዱን ዘግተው ከሚሰጡት የብሉቱዝ ላይብረሪ ጋር መቀላቀል አይቻልም። ዜድኤምኬ ግን ዜፈር የሚባለው ክፍት ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው የተገነባው፣ እንዲህ በማያስገድደው በኤምአይቲ ፈቃድ።

በጣም የወደድኩለት ነገር ኮምፒውተሬ ላይ ምንም ሳልጭን መሥራቴን ነው። የዜፈርን መሣሪያዎች በሙሉ ላውርድ ብል በጊጋባይት ነው፤ በእኔ ሰፈር ኔትወርክ ያንን ማውረድ ሌላ ፕሮጀክት ነው የሚሆነው። እዚህ ግን ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ የራስን የኮንፊግ፣ ማለትም የቅንብር ማስቀመጫ ትከፍታለህ፣ የቁልፎቹን አቀማመጥ በጽሑፍ ፋይል ትጽፋለህ፣ ስታስቀምጠው ጊትሃብ ራሱ እዚያው ቢልድ ያደርግልሃል (ጽሑፉን ቦርዱ ወደሚሠራበት ፕሮግራም ይቀይርልሃል)። አንተ የምታወርደው በኪሎባይት የሚቆጠሩ ሁለት ፋይሎችን ብቻ ነው፣ አንድ ለግራ፣ አንድ ለቀኝ። የስልክ ዳታ እንኳ ይበቃል።

መጫኑ ደግሞ የልጅ ሥራ ነው። ቦርዱን በዩኤስቢ ትሰካለህ፣ የሪሴት ቁልፉን ቶሎ ቶሎ ሁለቴ ትጫናለህ፣ ኮምፒውተሩ ላይ እንደ ፍላሽ ዲስክ ይመጣል፣ የዩኤፍ2 ፋይሉን እላዩ ላይ ትጥለዋለህ። ዲስኩ ራሱ ይጠፋል። ሲጠፋ አትደንግጥ፣ ተሳክቷል ማለት ነው።

ማክሰኞ

ቢልዱ ቀይ መጣ፣ ማለትም አልተሳካም።

የቁልፍ አቀማመጥ ፋይሉ ባህሪ ጥብቅ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ፊት የ«እና» ምልክቷ (&) ትኖራለች፣ ዝርዝሩ በማዕዘን ቅንፍ ይዘጋል፣ መጨረሻው ላይ ሰሚኮለን ይኖራል። አንዷ ከጎደለች ሁሉም ይቆማል። ሎጉ ደግሞ ረጅም ነው፣ እና ሰው የሚሳሳተው መጨረሻውን በማንበብ ነው። መጨረሻው ላይ ያለው «አልተሳካም» የሚል ብቻ ነው። ወደ ላይ ሂዱና ዲቫይስትሪ የሚል ስህተት ያለበትን መስመር ፈልጉ፤ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ቁልጭ አድርጎ ይናገራል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከተጠቆመው መስመር አንድ ከፍ ብሎ ነው፣ ምክንያቱም የጎደለችው ሰሚኮለን የምትታወቀው ቀጣዩ መስመር ሲነበብ ነው።

ሁለተኛ ምክር፦ የዜድኤምኬን ቨርዥን ቆልፉት። ኮንፊጉ ሲፈጠር «ዋናውን ቅርንጫፍ ተከተል» የሚል ከሆነ፣ እናንተ ምንም ሳትነኩ ከወር በኋላ ቢልዱ ሊፈርስ ይችላል፤ እነሱ የሆነ ነገር ቀይረው ነዋ። እኔ 0.3 ላይ አስሬዋለሁ። አዲስ ነገር ስፈልግ አስቤበት እፈታዋለሁ።

ረቡዕ

ግራው ሠራ። ላፕቶፑ አየው፣ ፔር ሆነ (ተዋወቁ)፣ ፊደል መጣ። ቀኙ ጭጭ።

እዚህ ላይ አሠራሩን ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ግራውን ብቻ ነው። ቀኙ ከኮምፒውተሩ ጋር በጭራሽ አያወራም፤ የተጫነውን ቁልፍ ለግራው ይነግራል፣ ግራው ነው ለኮምፒውተሩ የሚያስተላልፈው። ስለዚህ «ቀኙ ብሉቱዝ ዝርዝር ላይ አይታይም» ብሎ መጨነቅ ከንቱ ነው። መታየት የለበትም።

ታዲያ ለምን ግራውን አያገኘውም? ፈርምዌሩን ደግሜ ጫንኩ፣ ለውጥ የለም። ባትሪ ነቅዬ ሰካሁ፣ ለውጥ የለም። ቢልድ ላይ ያለው ሁሉ ልክ ነው።

ነገሩ ያ ያገለገለው ቦርድ ነው። ሁለት ብሉቱዝ ዕቃዎች ሲተዋወቁ የመተዋወቂያ ቁልፋቸውን በየራሳቸው ሜሞሪ ያስቀምጣሉ። ይህ የሚቀመጠው ከፈርምዌሩ በተለየ የሜሞሪ ክፍል ነው። አዲስ ፈርምዌር ስትጭን የሚቀየረው ፕሮግራሙ ነው፣ ትውውቁ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ስለዚህ ቀኙ ቦርዴ አዲሱን ፕሮግራም ለብሶ አሁንም የጓደኛዬን የድሮ ግራ ነው የሚጠብቀው። ደወልኩለት። «ያ የሰጠኸኝ ቦርድ የድሮውን ግራ እየፈለገ ነው» አልኩት። «ታማኝ ነበር እኮ» አለኝ።

መድኃኒቱ «ሴቲንግስ ሪሴት» የሚባል ሌላ ፈርምዌር ነው። በቢልዱ ዝርዝር ፋይል ላይ አንድ መስመር ጨምረህ እሱንም ታስወጣዋለህ። ሥራው አንድ ብቻ ነው፣ ያንን ማስታወሻ ባዶ ማድረግ። መጀመሪያ ይህንን በግራም በቀኝም ጫን። በአንዱ ብቻ ካደረግኸው አንዱ ረስቶ አንዱ ሊያስታውስ ነው፣ ያ ደግሞ ከድሮው ይብሳል። ከዚያ ለግራው የግራውን፣ ለቀኙ የቀኙን ትጭናለህ። በመጨረሻ የሁለቱንም ሪሴት በአንድ ጊዜ አንድ አንዴ መጫን። በሰከንዶች ውስጥ ተገናኙ።

ይህንን ካደረግህ ኮምፒውተሩም ላይ ኪቦርዱን «ፎርጌት» ማለት አለብህ። ላፕቶፑ የድሮውን ትውውቅ ይዞ ኪቦርዱ ረስቶት ስለሆነ፣ «ተገናኝቷል» ይልሃል፣ ወዲያው «ተቋርጧል» ይልሃል፣ እንደገና «ተገናኝቷል»። እንዲህ የሚያብለጨልጭ ነገር ካያችሁ በሁለቱም በኩል አጥፍቶ እንደ አዲስ ፔር ማድረግ ነው። ኪቦርዱ ላይ ለዚሁ የሚሆን የብሉቱዝ ማጥፊያ ቁልፍ በአንዱ ሌየር (ሌላ ቁልፍ ሲያዝ የሚከፈት ተጨማሪ የቁልፎች ትርጉም) ላይ አስቀምጡ፣ ዜድኤምኬ አምስት ፕሮፋይል (የአምስት መሣሪያ ትውውቅ) ስለሚይዝ የመምረጫዎቹንም ጭምር። የእኔ የመጀመሪያው ቤት ያለው ሊኑክስ ነው፣ ሁለተኛው ቢሮ ያለው ዊንዶውስ።

ሐሙስ

ዩ፣ ጄ፣ ኤም እና የቀኝ አውራ ጣት መሃለኛው ቁልፍ አይሠሩም። ሌላው ሁሉ ደህና።

ይህን የመሰለ ችግር ሲመጣ ፈርምዌሩን መነካካት ከመጀመር በፊት የሞቱትን ቁልፎች ዝርዝር ማየት ነው። ኪቦርድ በረድፍና በዓምድ ነው የሚነበበው፤ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ የለውም። አንድ ቁልፍ ብቻ ከሞተ ስዊቹ ወይም ዳዮዱ ነው። አግድም ሙሉ ረድፍ ከሞተ የረድፉ መስመር ነው። ቁልቁል ከሞተ የዓምዱ። ኮርን ላይ የአውራ ጣት ቁልፎች የራሳቸው ዓምድ የላቸውም፣ ከላይ ካሉት ጋር ይጋራሉ፣ የቀኙ መሃለኛ ደግሞ ከዩ፣ ጄ፣ ኤም ጋር ነው። አራቱም አብረው መሞታቸው ጣቱን ወደ አንዲት ፒን ይቀስራል።

ለማረጋገጥ የዩኤስቢ ሎግ የሚባለውን ቅንብር ከፍቼ ቢልድ አደረግሁ። ይህ ሲበራ ቦርዱ በገመድ ተሰክቶ እያንዳንዱን የተነካ ቁልፍ በረድፍና በዓምድ ቁጥር ይጽፍልሃል። ቀኙን ለብቻው ሰክቼ ጫን ጫን ሳደርግ ሌሎቹ ሁሉ ይጻፋሉ፣ እነዚያ አራቱ ምንም። ምልክቱ ፕሮግራሙ ጋ ሳይደርስ ነው የሚቀረው፣ ስለዚህ የአቀማመጥ ፋይሉ ከደሙ ንጹሕ ነው። (ሎጉን ሲጨርሱ መዝጋት፤ ባትሪ ይበላል።)

ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ ጄ ሶኬት ላይ፣ ሌላውን ቦርዱ ላይ ያለው የዓምዱ ፒን አናት ላይ ነካሁ። ድምፅ የለም፣ ማለትም አልተገናኙም። ፒኑ ሥር ያለውን ሶልደር በአጉሊ መነጽር ሳየው ዙሪያውን ቀጭን የፀጉር ክር የመሰለ ስንጥቅ አለው፤ ሊዱ ተቀምጧል እንጂ አልያዘም። ባትሪውን ነቀልኩ፣ ትንሽ ፍላክስ (ሶልደሩ እንዲይዝ የሚረዳ ቅባት) ቀባሁ፣ አሞቅሁት፣ ሲያብለጨልጭ ለቀቅሁት። ቴስተሩ ጢጥ አለ። አራቱም ሠሩ።

ዓርብ

ፊደል እየዘገየ ከዚያ ድንገት በመንጋ ይመጣል። የሚዘገየው የአንድ እጅ ብቻ ቢሆን፣ ማለትም የቀኙ ብቻ፣ ችግሩ በቀኝና በግራ መካከል ነው እል ነበር። እኔ ጋ ግን ሁለቱም እጅ ነው። እንግዲያው ከግራው እስከ ላፕቶፑ ያለው መንገድ ነው የታመመው።

ላፕቶፑ ጎን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተሰክቶ ፋይል እየገለበጥኩ ነበር። ዩኤስቢ 3 ሥራ ላይ ሲሆን የሬዲዮ ጫጫታ ያወጣል፣ ጫጫታው ደግሞ ብሉቱዝ የሚሠራበትን 2.4 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይረብሻል። የታወቀ ነገር ነው። ዲስኩን ወደ ሌላኛው ጎን አዛወርኩት፣ ጸጥ አለ። ከዚያም በላይ የማሰራጫ ኃይሉን በኮንፊግ ወደ 8 ዲቢኤም ከፍ አደረግሁት፤ ይህ ቺፕ ከዚያ በላይ አይሄድም። ባትሪ በትንሹ ይጎዳል፣ እኔ ግን እቀበለዋለሁ።

ባትሪን ካነሳን፦ ግራው ሁልጊዜ ቀድሞ ያልቃል፣ ሁለት ግንኙነት ተሸክሞ ስለሚውል። ይህ ብልሽት አይደለም። የኦሌድ ስክሪኗን ነቀልኳት፣ ቆንጆ ነበረች ግን ከሁሉም በላይ የምትበላው እሷ ናት። የእንቅልፍ ቅንብሩ እንዳለ ሲመጣ ዝግ ነው፣ ከፈትኩት፤ ካልነካኸው ከ15 ደቂቃ በኋላ ይተኛል። ሲነቃ የመጀመሪያዋ ቁልፍ ለመቀስቀሻ ትውላለች፣ ፊደሏ አትደርስም። ሺፍትን መታ አድርጎ መቀስቀስ ለመድኩ።

ቅዳሜ

ሙሉ ቀን አማርኛ ላይ። ይህንን ማስታወሻ ልጽፍ የተነሳሁትም ለዚህች ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ኪቦርዱ ፊደላችንን አያውቅም። የሚልከው «ይህች ቁጥር ያላት ቁልፍ ተነካች» የሚል ብቻ ነው፣ ወደ «ለ» የሚቀይረው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ነው። እኔ የምጽፈው ሴራ በሚባለው በድምፅ አጻጻፍ ነው፤ ኤልና ኢ «ለ»፣ ኤልና ኤ «ላ»፣ ኤል ብቻዋን «ል»። ትልልቁ ሌላ ድምፅ ነው፤ ትልቁ ቲ «ጠ»፣ ትልቁ ሲ «ጨ»፣ ትልቁ ኤስ «ጸ»፣ ኃምሱ ደግሞ በትልቁ ኢ ነው።

ልብ በሉ፦ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሺፍት የሚነካው ባብዛኛው ቃል ሲጀምር ነው፣ ያውም አልፎ አልፎ። እኛ መሃል ቃል ላይ ነው፣ ያውም በየቦታው። «ቤት»፣ «መጣ»፣ «ልጄ»፣ «ቆረጠ»። ኢንተርኔት ላይ ሰዎች የሚያጋሯቸው ኮንፊጎች ግን የተስተካከሉት ለእንግሊዝኛ እጅ ነው። ገልብጦ መጫን አያዋጣም።

እኔም የጀመርኩት ከዚያው ከተለመደው ነው። ኮርን ላይ ቁልፍ ስለሚያንስ ሰው ሺፍትን፣ ኮንትሮልን፣ አልትንና የዊንዶውስ ቁልፍን በመሃለኛው ረድፍ ፊደሎች ላይ ይደርባል፤ ኤ የሚባለውን ቁልፍ መታ ካደረግህ ኤ፣ ተጭነህ ከቆየህ የዊንዶውስ ቁልፍ። ዜድኤምኬ ሲመጣ መታ ማድረግን ከመያዝ የሚለይበት ጊዜ 200 ሚሊሰከንድ ነው፣ እሱም ሳይሞላ ሌላ ቁልፍ ከተነካ «ተይዟል» ብሎ ይፈርዳል።

ቢሮ ኮምፒውተር ላይ «ሰላም» ብዬ ጻፍኩ። የከፈትኩት ነገር ሁሉ ከስክሪኑ ጠፋ።

እንደገና ከፈትኩ፣ «ሰላም»፣ እንደገና ጠፋ። ነገሩ ቀላል ነው። «ላም» ስል ኤ ላይ ያለው ጣቴ ሳይነሳ ኤምን ነካሁ፣ ፈጥኖ የሚጽፍ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ኪቦርዱ ዊንዶውስ ሲደመር ኤም ብሎ ላከው፣ ዊንዶውስ ላይ ይህ «ሁሉንም መስኮት አሳንስ» ማለት ነው። ራብዕ የሌለበት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አምጡ እስቲ። ከፊደሎቻችን ሁሉ ኤ ላይ ሌላ ሥራ መደረብ ቀልድ ነው።

ለዚህ የሚሆን ቅንብር አለ፦ «ከዚህ ቁልፍ በፊት በቅርቡ ሌላ ቁልፍ ከተነካ፣ ሰውየው እየጻፈ ነው፣ ፊደሏን ብቻ ላክ» የሚል። 150 ሚሊሰከንድ ሰጠሁት፣ ፍርዱንም «ባላንስድ» ወደሚባለው ቀየርኩ፤ ያ ሌላኛው ቁልፍ ተነክቶ እስኪለቀቅ ድረስ ይጠብቃል። «ሰላም» ተስተካከለ። መስኮት አይጠፋም።

ግን ሺፍት ሞተ። ጄ ላይ የደረብኩት ሺፍት ነበር። «መጣ» ልበል፦ ኤም፣ ኢ፣ ጄን ይዤ ቲ፣ ከዚያ ኤ። ጄ የተነካችው ከኢ ቀጥሎ ወዲያው ስለሆነ ቅንብሩ «እየጻፈ ነው» ብሎ ፊደሏን ላከ። የወጣው «መጅታ»። ለእንግሊዝኛ ይህ ቅንብር ይሠራል፣ ሺፍት ከስፔስ በኋላ ትንፋሽ ተወስዶ የሚነካ ስለሆነ። መሃል ቃል ላይ ሺፍት የሚፈልግ ሰው ግን በትክክል ያንን ነው የሚከለክለው።

ስለዚህ ሺፍትን ከመሃለኛው ረድፍ ጨርሼ አወጣሁት። ኮንትሮልና አልት ባሉበት ይቆዩ፣ ቃል መሃል አይነኩም። ሺፍት ወደ ግራ አውራ ጣት ወረደ፣ ያውም «ስቲኪ» ሆኖ፤ መታ አድርገህ ትለቀዋለህ፣ ቀጣዩን ፊደል ትልቅ ያደርጋል። ለእጅ ዕረፍት ነው።

ይሄም የራሱን ጉድ ይዞ መጣ። «ጠዋት» ብዬ «ጤዋት» ይወጣል። «ጨው» ብዬ «ጬው»። «ጸሎት» ብዬ «ጼሎት»። «ቤት» ደግሞ «ቤጥ»። አንዳንዴ ልክ ይሆናል፣ ቀስ ብዬ ስጽፍ ሁልጊዜ ልክ ነው። ቀስ ሲሉ የሚጠፋ ችግር የጊዜ ችግር ነው።

ስቲኪ ሺፍት የሚለቀው ቀጣዩ ቁልፍ ሲነካ አይደለም፣ ቀጣዩ ቁልፍ ሲለቀቅ ነው። ቲን ነክቼ ሳልለቅ ኢን ከነካሁ ሺፍቱ ሁለቱንም ያገኛቸዋል፣ ትልቁ ቲና ትልቁ ኢ «ጤ» ናቸው። ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ ይህ ሁለት ትልልቅ ፊደል ነው፣ አይቶ ይስቃል። እኛ ጋ ሌላ ፊደል ስለሆነ ዓይንም ያልፈዋል፤ «ቤጥ» ተጽፎ የተላከ መልእክት አለኝ።

ዜድኤምኬ ለዚህ «ክዊክ ሪሊዝ» የሚል አንድ መስመር አለው። ሲጨመር ሺፍቱ ቀጣዩ ቁልፍ እንደተነካ ወዲያው ይለቃል። አንድ መስመር፣ አንድ ቢልድ፣ ወደ ግራው ብቻ ጭነት፤ የቁልፎቹ ትርጉም ያለው ግራው ላይ ስለሆነ ቀኙን መንካት አያስፈልግም። የፈለግሁትን ያህል ብፈጥን «ጠዋት» «ጠዋት» ነው።

እግረ መንገድ፦ ዜድኤምኬ ስቱዲዮ የሚባለው ቢልድ ሳያስፈልግ የቁልፍ ቦታ ለመቀያየር ግሩም ነው። እነዚህን ጊዜዎችና ፍርዶች ግን አይነካም። እሱ አሁንም በፋይሉ ነው።

እሑድ ከሰዓት

አራት ነጥብ ቀረች። ሴራ ላይ ሁለት ኮለን አከታትለህ ስትጽፍ «።» ትሆናለች። ኮለን ደግሞ ሺፍት ትፈልጋለች። በስቲኪ ሺፍት ሲሆን ሺፍት፣ ሰሚኮለን፣ እንደገና ሺፍት፣ እንደገና ሰሚኮለን ነው። ለእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር አራት ጊዜ ጣት ማንሳት ግፍ ነው።

ማክሮ ሠራሁላት፤ ሁለት ኮለን አከታትሎ የሚልክ፣ ከዚያ በቀር ምንም የሌለው። ዜድኤምኬ ውስጥ ኮለን ራሷን የቻለች ስም ስላላት ሺፍቱን ለብቻው መጻፍ አያስፈልግም። በመጀመሪያ ዋናው ሌየር ላይ በነጥብ ቦታ አስቀመጥኳት፣ እንግሊዝኛ ስጽፍ ግን በየዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሁለት ኮለን ተደረደረ። አሁን በቀኝ አውራ ጣት በሚከፈተው ሌየር ላይ፣ ኤስ ቦታ ናት። ነጠላ ሰረዝ በኮማ ስለሚወጣ ምንም አልነካሁትም፤ ድርብ ሰረዝም በሰሚኮለን እንዳለ ነው።

የቀረው የቀኙ ባትሪ ሽቦ ነው። ክዳኑ ሲገጠም ይቆነጠጣል፣ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ከፍ የሚያደርግ ስፔሰር ካገኘሁ ማክሰኞ ሜርካቶ ስወርድ እገዛለሁ።